የግዛቸው ጎተራ

ሜስኪት፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2024

ለማላውቅሽ እህቴ፣ ለዕፀ ሕይወት

ሰላምታዬ ዘግይቶ ስለሚደርስሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። መልእክትሽ የተላከው በጳጉሜ ነው፤ እኔ ያነበብኩት ግን ትናንት ነው። በዚህ አድራሻ የሚጽፍልኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የሚመጣው ሁሉ የመኪና ኢንሹራንስና የጣሪያ ጥገና ማስታወቂያ ስለሆነ ሳልከፍት ነው የማጠፋው። የአንቺንም ላጠፋው ነበር። «እልፍኝ ላይ ጳጉሜ ብለን ስንጽፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል» የሚለውን ሳይ ግን እጄ ተያዘ። ይህን የሚያውቅ አጭበርባሪ የለም። እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ሞከርኩት። እውነትሽን ነው። ኢትዮጵያ ስንል የምትመጣዋ ጵ ደህና ናት፤ ጳ ላይ ሲደርስ ግን ይደርቃል። ይህን ሁሉ ዓመት ጳ ያለበት ቃል አንድ ቀን አልጻፍኩም ማለት ነው። ማንም አልጻፈም ማለት ነው። አስተካክዬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

«የእልፍኝ አዘጋጆች ስንት ናችሁ? ቢሮአችሁስ የት ነው?» ብለሻል። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ቢሮው ከዳላስ በስተምሥራቅ ባለችው ሜስኪት፣ የአፓርታማዬ የምግብ ጠረጴዛ ነው። አዘጋጁ እኔ ነኝ። ድሮ ሁለት ነበርን። የእንጀራ ሥራዬ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሕመምተኞችን በቫን ማመላለስ ነው። እነሱን አስገብቼ እስኪጨርሱ ፓርኪንጉ ላይ ስጠብቅ ላፕቶፔን እከፍታለሁ።

ለምን እንደምሠራው ስላልጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ኦፊስ ለሚሠራ አንድ ልጅ፣ «ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃውን፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያስተናግደውን ነገር ከባዶ እየጻፍኩ ነው፤ ስሙም እልፍኝ ነው» አልኩት። «ኦፐሬቲንግ ሲስተም? ግን እኮ አለ፤ ስትገዛው ተጭኖ ነው የሚመጣው» አለኝ። ልክ ነው። ያም ሆኖ በዓለም ላይ እንደ እኔ ያለውን ነገር ለገዛ ደስታቸው እንደገና የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚገናኙበት ድረ ገጽም አላቸው። አብዛኞቹ አንድ መስመር ጽሑፍ ስክሪን ላይ ካወጡ በኋላ ይሰለቻቸዋል። የማይሰለቻቸው ደግሞ የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ የማያውቁት ሰው ተነስቶ «ተጠቀምኩበት፤ ተበላሸብኝ» እንዲላቸው።

ተበላሸብኝ ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ምን ዓይነት ኮምፒውተሮች ናቸው ያሏችሁ? ከሌላው ሁሉ እልፍኝን ለምን መረጣችሁ? ቤተሰብሽስ እንዴት ናቸው?

መኳንንት


ወልዲያ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መኳንንት

እንዴት ከረሙ? መልስዎ የደረሰኝ አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ ነው። ጮኼ ተነሳሁና ባልደረቦቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ደነገጡ። እናንተን ትልቅ ድርጅት አድርጌ ስለገመትኩ መልስ አልጠበቅሁም ነበር። አሁን ጳጉሜ በደንብ ይጻፋል። ተማሪዎቼ ጳውሎስ፣ ጳጳስ፣ ጳጳሳት እያሉ ክፍለ ጊዜውን ጨረሱት።

እኔ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የጠየቁኝን ልመልስ። ጦርነቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ ኮሌጁ ተዘረፈ። ጥሩ ጥሩዎቹን ኮምፒውተሮች ወሰዷቸው። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልለው አቧራ ይጠጡ የነበሩትን አሮጌዎች ግን ማን ያንሳቸው? የምናስተምረው በእነሱ ነው። አዲስ ነገር ስንጭንባቸው ታፍነው ይቀራሉ። ስፈልግ ስፈልግ የእርስዎን አገኘሁ። ገና እንደጫንኩት ተነስቶ በአማርኛ «ቤት ለእንግዳ» አለኝ። የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት ባገኝ እጽፍልዎ ነበር።

እናቴ ደህና ናት፤ ማለቴ እንደ ሁኔታው ደህና ናት። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን እንላለን።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰነዶችን የሚያስቀምጠው ክፍል፣ ጎተራ የምትሉት፣ አናቱ ላይ «ግዛቸው» የሚል ስም አለበት። አጻጻፉ ከእርስዎ ይለያል፤ እርስዎ መስመር ያስረዝማሉ፣ እሳቸው ቁጥብ ናቸው። እሳቸውስ የት ናቸው? ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ
ዕፀ ሕይወት


ሜስኪት፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2024

ለእህቴ ለዕፀ ሕይወት

ሰላምታሽን ላደርስልሽ አልቻልኩም። ግዛቸው ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

የተዋወቅነው ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሁለታችንም ታክሲ እንነዳ ነበር። ሌሎቹ ተራ እስኪደርሳቸው ዳማ ሲጫወቱ እሱ ካርቶን ላይ ክብና ቀስት ይሥላል። «ምንድነው?» አልኩት። «ኮምፒውተር ዕቃውን የት እንዳስቀመጠ እንዴት እንደሚያስታውስ ለራሴ እያስረዳሁ ነው» አለኝ። እኔ አገር ቤት ኮምፒውተር ጥገና ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ነገርኩት። ሰማኝና «ታዲያ የራሳችንን ለምን አንሠራም?» አለ።

«ለምን ብለን?»

«ቅዳሜ ምን ሥራ አለህ?»

ቅዳሜ ሥራ አልነበረኝም። ከባለቤቴ ከተለያየሁ ቆይቼ ነበር። እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር የእነ ግዛቸው አፓርታማ፣ በኋላ ዋይሊ የምትባል ከተማ ቤት ሲገዙ እዚያ። እኔ ስክሪኑንና ፊደሉን፣ እሱ ጎተራውን። ከበቡሽ፣ ባለቤቱ፣ ምሳ ታቀርብልናለች፤ ምን እንደምንሠራ አንድ ቀን ጠይቃን አታውቅም። ልጅ የላቸውም። እኛም ስለዚያ ጠይቀናት አናውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ግዛቸው ተሳፋሪ አውርዶ ሻንጣ ሲያነሳ ልቡ ቆመ።

ጎተራውን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። አንዳንዴ ከፍቼ አነበዋለሁ። እንደምታውቂው በፕሮግራም መሀል ማሽኑ ዘሎት የሚያልፍ፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ አለ። አንድ ቦታ ላይ «መኳንንት፣ ይህችን እንዳትነካ፤ ሰኞ እመለስባታለሁ» ይላል።

ከበቡሽን እጠይቃት እንደሆነ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። አርባው ላይ ሄጃለሁ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፤ ቤታቸው ሩቅ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ረጅም የጻፍኩልሽ ለዚህ ይሆናል።

መኳንንት


ወልዲያ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መኳንንት

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። ዘግይቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ጀምሬ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው።

ተማሪዎቼ የመንፈቁን ሥራቸውን በሙሉ እልፍኝ ላይ ነበር የሚሠሩት። ባለፈው ሰኞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራቸውን እያስቀመጡ ሳለ መብራት ጠፋ። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቁጭ ብለን ጠበቅን። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሮቹ ተነሱ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነበር። ሆሳዕና የምትባል ተማሪ አለችኝ። የሰፈሯ የቧንቧ ውኃ በየትኛው ቀን ወደየትኛው ቀበሌ እንደሚለቀቅ የሚያሳይ ፕሮግራም እየጻፈች ነበር። አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ የት ሄደ?» ብቻ አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ጎተራውን ስመረምር ሰነበትኩ። አገኘሁት። ጎተራው አዲስ ነገር ሲያስቀምጥ፣ ሁሉም ዕቃ የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ መጀመሪያ ያጠፋዋል፤ ከዚያ አዲሱን ይጽፋል። በመካከሉ መብራት ከሄደ አሮጌው የለም፣ አዲሱም የለም። እናንተ ጋ መብራት ስለማይጠፋ ሳይታያችሁ ቀርቶ ይሆናል። ቦታው ጋሽ ግዛቸው ሰኞ እመለስባታለሁ ያሏት ቦታ ናት። የታያቸው ይመስለኛል።

ቅር አይበልዎና፣ መጠጋገን አይበቃም። ጎተራው ከሥሩ እንደገና መጻፍ አለበት። እኔ ልጽፈው እችላለሁ። እልፍኝ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሳላስፈቅድዎ ማድረግ እንደምችል አውቃለሁ። ግን አልፈልግም። ይፍቀዱልኝ።

አክባሪዎ
ዕፀ ሕይወት


ሜስኪት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2025

ለወይዘሪት ዕፀ ሕይወት

በተማሪዎችሽ ላይ ስለደረሰው ጉዳት አዝናለሁ።

እልፍኝ ነጻ ነው፤ ወስዶ ያሻውን የሚያደርግበትን ሰው አልከለክልም። እኔ ዘንድ ያለው ጎተራ ግን እንዳለ ይቆያል። ተነስቶ መልስ መስጠት የማይችል ሰው ላይ ስሕተት መፈለግ ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ቢገዛ ችግሩ ይቃለላል።

መኳንንት


ሜስኪት፣ ማርች 2 ቀን 2025

ለእህቴ ለዕፀ ሕይወት

«ተማሪዎቼ ሰውየው ተቆጡ ወይ ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?» ያልሽበት ደብዳቤ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ተቆጥቷል በያቸው። ከዚያ አፈረና ወደ ዋይሊ ሄደ በያቸው።

ትናንት ነው የሄድኩት። አልደወልኩም። ዋይሊ ያሉት አዳዲስ ቤቶች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለቴ አልፌ ተመለስኩ። ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል እያሰብኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ከበቡሽ ናት፤ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፣ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

«ሶ፣ መኪና ውስጥ ልትውል ነው?» አለችኝ።

አስገባችኝ። የግዛቸውን ክፍል ልክ እንደተወው አገኘዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ጠረጴዛው ማዕዘን ተገፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ፎጣ ተሰጥቶበታል። ከአጠገቡ የመሮጫ ማሽን ቆሟል። «ጉልበቴን ዶክተር አዞኝ ነው» አለች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀለለኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ስለ አንቺ፣ ስለ ወልዲያ፣ ስለ መብራቱ፣ የት ሄደ ስላለችው ልጅ። እጇን አጣጥፋ ሰማችኝ።

«ኦኬ። እና ከእኔ ምን ፈለግክ?»

«እሱ የጻፈው ይጣል ወይ ልልሽ ነው። እንዳትነካ፣ ሰኞ እመለስባታለሁ ብሎ ጽፎባታል።»

ከበቡሽ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አላቆም ብሎ ግድግዳ ተደገፈች። «የኪችኑን ቧንቧም ሰኞ ብሎኝ ነበር እኮ!»

«እና?»

«እናማ ፈሰሰ። ሰው ኮል አድርጌ አሠራሁት። ምን ላድርግ፣ ውኃ ላይ ልተኛ?» ዓይኗን በፎጣው ጠረገች። «አስተማሪዋ ልጅ ትሥራው። እሱ ቢኖር ራሱ ይሰጣት ነበር። አንተ ግን ለምን ቀረህ?»

«ምን ብዬ ልምጣ? አብረን የምንሠራው ሥራ እንደሆነ...»

«ሥራው ነው እንዴ ምሳ ይበላ የነበረው?»

ዓይኔን ወደ መሮጫ ማሽኑ መለስኩ።

«ሁለት ሰው ነው በአንድ ጊዜ የጠፋብኝ» አለች። «እሱስ ሞቶ ነው። አንተ ግን ሜስኪት ነው ያለኸው።»

ቤታቸው ሩቅ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ሩቅ አይደለም። ሕመምተኞቼን ከዚያ ወዲያ ድረስ በየቀኑ አደርሳለሁ።

ጾም ስለሆነ ምስር በላን። ብዙም አላወራንም። ስወጣ የተረፈውን በዕቃ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ዕቃውን ለመመለስ ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ጎተራውን ጻፊው። ከሥሩ ጻፊው። ስሙን ብቻ አትለውጪብኝ። ባለፈው የጻፍኩልሽን ክፉ ቃል ደግሞ እንዳልተጻፈ ቁጠሪልኝ።

መኳንንት


ወልዲያ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መኳንንት

ጎተራው አለቀ።

አሁን አዲሱን ማውጫ ጽፎ፣ መጻፉን አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን የሚለቀው። ሲያስቀምጥ ትንሽ ይዘገያል፤ ተማሪዎቼ ግን አልቸኮሉም። ትናንት እየጻፉ ሳለ መብራት ሄደ። ከሰዓት ሲመጣ ቀድማ ያበራችው ሆሳዕና ናት። «አለ!» ብላ ስትጮህ ከሌላው ክፍል ሳይቀር ሰው ሮጦ መጣ። እርስዎ እዚህ ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ። እንደ ትናንት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የምነግረው ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም።

የቀድሞውን ሁሉ አወጣሁት። ሰኞ እመለስባታለሁ የምትለዋን መስመር ግን ማጥፋት አልሆነልኝም። ሥራ የላትም፤ ማሽኑ ዘሏት ያልፋል። በቦታዋ ተውኳት። አናቱ ላይም የጋሽ ግዛቸው ስም እንዳለ ነው፤ የእኔን ከሥሩ ጨመርኩ። በዝቶብኝ እንደሆነ ይንገሩኝ።

ስለ እናቴ ደጋግመው ጠይቀውኛል። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። ለእትዬ ከበቡሽ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ
ዕፀ ሕይወት


ሜስኪት፣ ጁላይ 12 ቀን 2025

ለእህቴ ለዕፀ ሕይወት

ድምፅሽ ከጠፋ ሰነበተ። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ የሁለቱ መልስ ጠፍቶ ይሁን ደብዳቤዎቹ ጠፍተው አላውቅም። ኔትወርኩ ይሆናል እላለሁ። ስምሽን ከግዛቸው ስም ሥር ማስቀመጥሽ አልበዛም። እዚያው ነው ቦታው።

አዲሱን ጎተራ በግዛቸው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ፎጣው ተነሳ። ከበቡሽ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሚያነቡትን ታሪክ በትልልቅ ፊደል ትጽፍበታለች። እዚህ የተወለዱት ልጆች ፊደል ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ታሳጥረዋለች። እልፍኝ አሁን ወልዲያ፣ ሜስኪትና ዋይሊ አለ ማለት ነው። ለእኛ ይህ ብዙ ነው።

ምን ሆነሽ ነው? ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ብትፈልጊ ስለ ሥራው አንዲት ቃል አትጻፊ፤ ደህና ነኝ ብቻ በይኝ።

መኳንንት


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መኳንንት

ደብዳቤዎችዎ በሙሉ ደርሰውኛል። ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ልዋሽዎ አስቤ ነበር።

ወልዲያን ለቅቄአለሁ። እናቴ የታመመችው ኩላሊቷን ነው። ካወቅን ከዓመት በላይ ሆነን። እርስዎ ስለሚያመላልሷቸው ሰዎች ሲጽፉልኝ፣ ወይዘሮዋ ስትወጣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ሽማግሌው በመልሱ መንገድ አያወሩም ሲሉኝ፣ የእናቴን ነገር ልነግርዎ እጀምርና እተወዋለሁ። በደብዳቤዎቻችን ውስጥ እናቴ ያልታመመች ነበረች። እዚያ እንኳ ደህና ትሁን ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

እጥበቱን የምታገኘው እዚህ ስለሆነ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተናል። እኔ አንድ የግል ድርጅት ገብቻለሁ። ውሉ በሥራ ሰዓትም ከሥራ ውጭም ሌላ ፕሮግራም እንዳልጽፍ ይከለክላል። ባይከለክልም እናቴን አስገብቼ፣ ጠብቄ፣ አውጥቼ የሚተርፈኝ ጊዜ የለም። ጋሽ መኳንንት፣ ከእንግዲህ እልፍኝን መሥራት አልችልም። ይህን ለመጻፍ ነው ሁለት ወር የፈጀሁት።

ሌላም አለ። ኮሌጁ በእርዳታ አዳዲስ ኮምፒውተሮች አግኝቷል። ለተማሪዎቹ ደስ ብሎኛል። አሮጌዎቹ ግን ወደ ግምጃ ቤት ተመልሰዋል። ወልዲያ ላይ እልፍኝን የሚያበራ ሰው አሁን የለም። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

አክባሪዎ
ዕፀ ሕይወት


ሜስኪት፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2025

ለልጄ ለዕፀ ሕይወት

እንኳን ከአዲሱ ዓመት ጋር አገናኘሽ፤ እናትሽንም።

ልጄ ስላልኩሽ አትቀየሚ። እህቴ እያልኩ ስጽፍልሽ ዕድሜዬን እያሳነስኩ ነበር።

መጀመሪያ ስለ እናትሽ። እጥበቱ ላይ ሲቀመጡ ይበርዳቸዋል፤ ወፍራም ጋቢ ይዘሽላት ግቢ፣ መርፌው ያለበትን ክንድ ግን አትሸፍኚው፤ ነርሶቹ ሊያዩት ይገባል። ሲያልቅ ቶሎ እንድትነሳ አታድርጊ፤ ትንሽ ትቀመጥ፣ አለዚያ ያዞራታል። በመንገድ ላይ ካላወራች አታስገድጃት። ተቀይማሽ አይደለም፤ ደክሟት ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በማግሥቱ ጠዋት ታወራለች፤ ያኔ አጠገቧ ሁኚ።

ስለ እልፍኝ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ከሠራሽልኝ በላይ ማን ሠራልኝ? ደብዳቤሽን ያነበብኩት ፓርኪንጉ ላይ ሆኜ ነው፤ አንብቤ ስጨርስ ሕመምተኛዬ መስኮቱን እያንኳኳ ነበር፤ አልሰማሁትም። ከብዶኛል፤ አልዋሽሽም። አሁን በዓለም ላይ እልፍኝ የሚበራባቸው ኮምፒውተሮች ሁለት ናቸው፣ የእኔና የከበቡሽ። ስትፈልጊ ስለ ሌላ ነገር ጻፊልኝ። አዲስ አበባ ስለሚዘንበው ዝናብም ቢሆን።

ረቡዕ፣ የዓመት መለወጫ ዋዜማ፣ ከበቡሽ ደወለችልኝ። «ይሄ ነገራችሁ አልነሳ ብሏል» አለችኝ። ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። የጎተራው ስሕተት ይሆናል ብዬ መንገዱን ሙሉ ልቤ ይመታ ነበር፤ አንቺ የለሽም፣ ማንን እጠይቃለሁ? ደርሼ አየሁት። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሏል። ሶኬቱ ያለው ከትልቁ ቁም ሳጥን ጀርባ ነው። ቁም ሳጥኑን ገፍቶ እጁን ያላስገባ ሰው አይደርስበትም። ምንጣፉ ላይ የተገፋበት ምልክት ይታያል።

ከበቡሽ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ምን ሆኖ ነው?»

ገመዱን ሰካሁት። ኮምፒውተሩ መነሳት ጀመረ።

«ቀላል ነገር አይደለም» አልኳት። «ነገም መጥቼ ማየት ይኖርብኛል።»

«ነገ እኮ በዓል ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወደ ኪችን ሄደች። ድስት ስታወርድ ይሰማኛል። «እንግዲያው ለምሳ ድረስ» አለች ከዚያው ሆና።

መኳንንት